ከሩቅ ሆኖ የጃፓን አይዶል መከተል፦ የትኛው ግሩፕ ያዋጣል?

የጃፓን አይዶሎችን፣ ማለትም በግሩፕ የሚዘፍኑና የሚጨፍሩ ወጣት ኮከቦችን፣ መከተል ፈልጎ "ከየትኛው ግሩፕ ልጀምር?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ የመላሹን የራሱን ግሩፕ ስም ነው። ፎቶ ይላክለታል፣ ሊንክ ይዘረገፍለታል፣ በቃ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። የምትኖሩት የት ነው? ከውጭ አገር ዕቃ መግዛት የሚችል ካርድ አላችሁ? ቪዲዮ የምታዩት በዋይፋይ ነው ወይስ ፓኬጅ እየቆጠራችሁ? ጃፓንኛ ትንሽ ትሞክራላችሁ ወይስ ትርጉም እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ? እነዚህን ሳያውቁ ግሩፕ መምከር ዝም ብሎ ግምት ነው።

ነገሩ እንደ ኬፖፕ አይደለማ። የኮሪያ ኩባንያዎች ገና ዘፈኑ ሳይወጣ ውጭ ያለውን አድማጭ ያስባሉ። የጃፓን አይዶል ግን የተሠራው እዚያው ላለ ሰው ነው፤ ባቡር ተሳፍሮ አዳራሽ ለሚደርስ፣ ሲዲ ከሱቅ ለሚገዛ፣ የጃፓን ስልክ ቁጥር ላለው። የአገር ውስጥ ገበያው ትልቅ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ እኛን የሚፈልግበት ምክንያት አልነበረውም። ስለዚህ ግሩፖቹን ሳወዳድር ማን ቆንጆ ናት፣ ማን ይበልጥ ይጨፍራል ብዬ አልጀምርም። ሩቅ ላለ ሰው ምን ያህሉ ይደርሰዋል? የኔ መለኪያ ይሄ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሄሎ! ፕሮጀክት፦ ለጀማሪ የማዘው

ካርድ ለሌለውና ኢንተርኔት ብቻ ላለው ሰው ሳላመነታ የምመክረው ይህንን ነው። ሄሎ! ፕሮጀክት የበርካታ እህት ግሩፖች የጋራ ቤት ነው፤ ዋናው ግሩፕ ሞርኒንግ ሙሱሜ ነው። የተመሠረተው በ1997 በአንድ የቴሌቪዥን ውድድር ላይ ከተሸነፉ አምስት ሴቶች ነው። ፕሮዲዩሰሩ ትሱንኩ "በአምስት ቀን 50,000 ሲዲ ከሸጣችሁ ትቀጥላላችሁ" አላቸው፤ በአራት ቀን ጨረሱት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንዱ ትውልድ ሲመረቅ ሌላው እየገባ እስከዛሬ አለ። ከመሥራቾቹ አንዲትም የለችም፣ ግሩፑ ግን ይኸው። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ስማቸው ላይ የዓመቱን ቁጥር ይለጥፋሉ፤ ለጀማሪ ትልቅ ውለታ ነው፣ ቪዲዮው የየትኛው ዘመን እንደሆነ ሳትጠይቁ ታውቃላችሁ።

ለምን ለጀማሪ? ሙሉ ቪዲዮዎቻቸው ዩቲዩብ ላይ በነፃ አሉ። የዳንስ ልምምድ አለ፣ ከኮንሰርት የተቆረጠ አለ፣ ዘወትር የሚወጣ የራሳቸው ፕሮግራምም አለ። አባላቱ ብሎግ ይጽፋሉ፤ ለማንም ክፍት ነው፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ተርጓሚ ግማሹን ያስረዳችኋል። ሌላው ደግሞ ዘፈኑ ነው። እዚህ ቤት መድረክ ላይ በራስ ድምፅ መዝፈን የቤቱ ሥርዓት ነው፤ አንዷ አዲስ ገብታ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ትሰማላችሁ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያችው ልጅ ዋናውን መስመር ይዛ ትመጣለች። ይህን ለማየት ጃፓንኛ አያስፈልግም። ትሱንኩ ራሱ በጉሮሮ ካንሰር ምክንያት ድምፁን ማጣቱን በ2015 ይፋ አድርጓል፤ ደጋፊዎቹ ለዘፈኖቹ ያላቸው ፍቅር ውስጥ ይህም አለበት።

ሞርኒንግ ሙሱሜ ከብዶ ከታያችሁ እህት ግሩፖች አሉ፦ አንጀርሜ ጉልበተኛ ነው፣ ጁስ ጁስ ለድምፅ ወዳጆች ነው፣ ቢዮንድስ (በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አምስት ኦ ይደረደርበታል፣ አትጠይቁኝ) ግማሹ ቲያትር ግማሹ ቀልድ ነው። ጉድለቱ ምንድነው ካላችሁ፣ ጃፓን ቴሌቪዥን ላይ እንደ ድሮው አይታዩም፣ የቪዲዮዎቻቸው በጀትም ከዚህ በታች ከምጠራቸው ጋር ሲተያይ ቆጠብ ያለ ነው። እኔን አይጎረብጠኝም። እናንተን ሊጎረብጣችሁ ይችላል።

ኤኬቢ 48፦ ሄዶ ለሚያያቸው

ኤኬቢ 48 ታኅሣሥ 2005 ላይ ቶኪዮ አኪሃባራ ውስጥ በአንድ የንግድ ሕንፃ ስምንተኛ ፎቅ ጀመረ። ፕሮዲዩሰሩ ያሱሺ አኪሞቶ ያመጣው ሐሳብ ቀላል ነው፤ በቴሌቪዥን የምታዩዋቸው ሳይሆኑ ሄዳችሁ የምታገኟቸው አይዶሎች። ቲያትሩ 250 ሰው ያህል ነው የሚይዘው። ለዓመታት ተመልካቹ በቁጥር ይከፋፈልና እንደ ቢንጎ ኳስ እየወጣ በዕጣ ተራ ይገባ ነበር፤ ቀድመህ ተሰልፈህ ምንም አታተርፍም ነበር። አዳራሹ ታድሶ በ2024 መጨረሻ እንደገና ተከፍቷል።

እንግዲህ ችግሩ እዚሁ ሐሳቡ ውስጥ ነው። ለውጭ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው ሲዲው ነው፤ ሲዲው ደግሞ ዋናው ነገር አይደለም። ሲዲው ውስጥ የሚመጣው ወረቀት ነው የሚሸጠው፦ የመጨበጫ ትኬት፣ ከ2009 እስከ 2018 ደግሞ በየዓመቱ የሚወዷትን አባል የሚመርጡበት ድምፅ። ሰው አንድ ዘፈን በብዙ ቅጂ የሚገዛው ለዚህ ነበር። እናንተ ሩቅ ሆናችሁ ታይፕ ኤን፣ ታይፕ ቢን፣ ታይፕ ሲን ብታዝዙ ዘፈኑ ያው፣ ወረቀቱ ደግሞ የማትጠቀሙበት። እንዳትሸወዱ።

ከኮቪድ በፊት የመጨበጡ ሥነ ሥርዓት ራሱ እንዲህ ነበር። ትልቅ የኤግዚቢሽን አዳራሽ፣ የአባላቱ ስም የተጻፈባቸው ረጃጅም ሰልፎች። ተራችሁ ሲደርስ እጃችሁ ይታያል፣ ትኬት ትሰጣላችሁ፣ ትጨብጣላችሁ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ትላላችሁ። ሁለተኛውን ሳትጨርሱ ከጎን የቆመው ሠራተኛ ትከሻችሁን ይዞ ወደፊት ይሸኛችኋል። ሥራው ይሄው ነው፣ ሰው ማላቀቅ። ግንቦት 2014 ላይ ኢዋቴ ውስጥ አንድ ሰው መጋዝ ይዞ ገብቶ ሁለት አባላትንና አንድ ሠራተኛ ካቆሰለ ወዲህ ፍተሻው ጠብቋል። በኮቪድ ጊዜ ደግሞ ብዙው ወደ ቪዲዮ ጥሪ ዞረ። "እሰይ፣ ለኛም ደረሰ" እንዳትሉ፤ ለመመዝገብ ብዙ ጊዜ የጃፓን አድራሻ ይጠየቃል።

ስለዚህ ኤኬቢን የምመክረው ጃፓን የመሄድ ቁርጥ ሐሳብ ላለው ነው። ወይም ደግሞ ሥርዓቱን ወዶ ከቶኪዮ ውጭ ማየት ለሚፈልግ፦ ጃካርታ ጄኬቲ 48 ከ2011፣ ባንኮክ ቢኤንኬ 48 ከ2017 ጀምሮ አሉ። ዋሽንግተን ላላችሁ ደግሞ ትንሽ የታሪክ ቁጭት ልጨምርላችሁ፦ ኤኬቢ በ2012 ለቼሪ አበባ በዓል መጥተው የዘፈኑት ዩ ስትሪት ላይ ሊንከን ቲያትር ነበር። ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ በእግር የሚደረስ ነው።

የ46ቶቹ ቤት፦ ካርድ ላለውና ለታገሠ

ኖጊዛካ 46 በ2011 የተቋቋመው "የኤኬቢ ይፋዊ ተቀናቃኝ" ተብሎ ነው። ተቀናቃኙን ያቋቋመውም ያው አኪሞቶ ነው፣ ብልጥ። ቀጥሎ ኬያኪዛካ መጣ፤ እሱ በ2020 ስሙን ሳኩራዛካ 46 ብሎ ቀየረ። ከእሱ የወጣው ሂናታዛካ 46 ከ2019 ጀምሮ ራሱን ችሏል። የኖጊዛካ ነገር ጨዋነትና ውበት ነው፣ ሳኩራዛካ ኮስተር ያለ ዳንስ ነው፣ ሂናታዛካ ሳቅ ነው። ቪዲዮዎቻቸው እንደ አጭር ፊልም የተሠሩ ናቸው፤ በቀን አንድ ቪዲዮ ብቻ የምታዩ ሰዎች ከሆናችሁ እዚህ ዓይናችሁ ይጠግባል።

ይህን ቤት ልዩ የሚያደርገው ግን የመልዕክት አፑ ነው። ለአንዲት አባል በወር 300 የን አካባቢ ትከፍላላችሁ፤ እሷ ስትጽፍ፣ ፎቶ ስታነሳ፣ በድምፅ ስትለፈልፍ ስልካችሁ ላይ ይመጣል። ስትመዘገቡ የቅጽል ስም ታስገባላችሁ። እሷ ለሁሉም አንድ መልዕክት ነው የምትጽፈው፣ ስም የሚገባበትን ቦታ ግን ክፍት ትተዋለች፤ እናንተ ስልክ ላይ የእናንተ ስም ሆኖ ይወጣል። "አበበ፣ ዛሬ በልተሃል?" የሚል ጃፓንኛ ከቶኪዮ ሲመጣ ዘዴውን እያወቃችሁትም ፈገግ ትላላችሁ። አደገኛነቱም እዚሁ ላይ ነው፤ ክፍያው በነፍስ ወከፍ ስለሆነ አንዷ ሦስት፣ ሦስቷ ስድስት ትሆናለች፣ ወሩ ሲያልቅ ምን እንደበላው የማይታወቅ ገንዘብ ይሆናል። አንድ መርጣችሁ ቆዩ። አፑ በስልካችሁ ስቶር መኖሩንና ካርዳችሁ መሥራቱንም ከመጓጓታችሁ በፊት ፈትሹ። መልዕክቶቹን ደግሞ ወደ ግሩፕ ቻት አትበትኑ፤ ደንቡ ይከለክላል፣ ሌላው ከፍሎበታል።

ሦስቱም እሁድ እኩለ ሌሊት ላይ በተከታታይ የሚተላለፉ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች አሏቸው፤ አባላቱን በእውነት የምታውቋቸው እዚያ ነው፣ ከኮሜዲያኖች ጋር ሲቀልዱ፣ ሲሸነፉ፣ ሲያለቅሱ። ለውጭ ሰው ግን ሕጋዊው መንገድ በአብዛኛው ዝግ ነው፤ ደጋፊዎች በሚሠሩት ትርጉም የሚኖር ዓለም ነው። ዛሬ ያለው ነገ ይጠፋል። ጃፓንኛ የመማር ሐሳብ ያለው ሰው ግን ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አያገኝም፤ የሚናገሩት ተራ የሰው ቋንቋ ነው፣ የሚቀለድበት ቃል ደግሞ ስክሪኑ ላይ በትልቁ ተጽፎ ይወጣል። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ በየዓመቱ ሐምሌ ገደማ ፓሪስ አጠገብ የሚካሄደውን ጃፓን ኤክስፖ ተከታተሉ፤ ሳኩራዛካ በ2023 እዚያ ዘፍነዋል፣ ሞርኒንግ ሙሱሜም በ2010።

ትንንሾቹ፣ የምድር ቤት ግሩፖች

ስለ እነዚህ ብዙ ባወራ ደስ ይለኛል። በየሳምንቱ ቶኪዮ ውስጥ በትንንሽ የሙዚቃ ቤቶች የሚዘፍኑ፣ ስማቸውን ጎረቤት የማያውቀው ብዙ ግሩፖች አሉ። አንድ ቀን ላይ አምስት ስድስት ግሩፕ እየተፈራረቀ ይወጣል። በር ላይ ቲኬት ስትገዙ "ዛሬ የመጣችሁት ለማን ነው?" ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ፤ መልሳችሁ ለዚያ ግሩፕ ይቆጠርለታልና ዝም ብላችሁ "ለሁሉም" አትበሉ። ከዚያ የመጠጥ ሒሳብ 500 ወይም 600 የን ለብቻው ይከፈላል፣ ባትጠጡም።

ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው ዋናው። ቼኪ የሚባል ወዲያው የሚታጠብ ፎቶ አለ፤ አንዱ ከ1,000 እስከ 2,000 የን። ትሰለፋላችሁ፣ አብራችሁ ትነሳላችሁ፣ ፎቶው እየጠራ ሳለ እሷ በቀለም እስኪርቢቶ ስማችሁንና ቀኑን እየጻፈች ታወራችኋለች። አንድ ደቂቃ ገደማ። ከኤኬቢ ጋር አወዳድሩት። መጀመሪያ ቀን የመጣ ሰው በነፃ የሚነሳበት ቤትም ሞልቷል። ስሜቱ አዝማሪ ቤት ነው፤ ተመልካቹ ይጮኻል፣ ስም ይጠራል፣ በሚወደው ላይ ብሩን ያወጣል፣ ዘፋኟም ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ ታውቃለች።

ሩቅ ላለ ሰው ግን የሚደርሰው ትንሽ ነው፤ ኤክስ (የድሮው ትዊተር) ላይ ፎቶ፣ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ አልፎ አልፎ ቀጥታ ስርጭት። ደግሞ ድንገት ይፈርሳሉ። ዛሬ ወደዳችሁ፣ ከስድስት ወር በኋላ "አመሰግናለሁ" የሚል ጽሑፍ ብቻ ታገኛላችሁ። መካከለኛ መንገድ ከፈለጋችሁ እንደ ፍሩትስ ዚፐር ያሉትን ያዙ፤ በ2022 ብቅ ብለው በቲክቶክ የታወቁ፣ በ2023 የጃፓን ሪከርድ ሽልማትን በምርጥ አዲስ አርቲስትነት ያሸነፉ ናቸው። አሥራ አምስት ሰከንድ ቪዲዮ ፓኬጅ አይጨርስም። በየሰመሩ ኦዳይባ የሚካሄደው የቶኪዮ አይዶል ፌስቲቫል ደግሞ (ከ2010 ጀምሮ አለ) ትልቁንም ትንሹንም በአንድ ቦታ ያሳያል፤ ጃፓን አንድ ጊዜ ብቻ የመሄድ ዕድል ያለው ሰው ቀኑን ከዚህ ጋር ቢያገጥም አይቆጨውም።

ወንዶቹስ?

አጭር ነው። ለአሥርት ዓመታት ሜዳው የአንድ ድርጅት ነበር፤ በ1962 የተቋቋመው ጆኒስ። ኤስኤምኤፒ፣ አራሺ፣ ሁሉም ከዚያ ነው የወጡት። ኢንተርኔትን በጣም ይሸሹ ስለነበር በድረ ገጽ ላይ የአባሎቻቸው ፎቶ ተቆርጦ ባዶ ጥላ ይቀመጥ ነበር። አራሺ ዩቲዩብ የከፈቱት በ2019 ነው። በ2023 ደግሞ ሟቹ መሥራች ለዓመታት በልጆች ላይ ወሲባዊ ጥቃት ይፈጽም እንደነበር ድርጅቱ ራሱ አመነ፤ ስሙ ተቀየረ፣ አርቲስቶቹ ስታርቶ ወደሚባል አዲስ ድርጅት ዞሩ። ይህን አውቃችሁ ግቡ። ስኖው ማንና ስቶንስ (ሁለቱም በጥር 2020 አንድ ቀን የወጡ) ዩቲዩብ ላይ ጥሩ አድርገው ይሠራሉ። ለውጭ ሰው ግን የሚቀለው ጄኦ 1 እና አይኤንአይ ናቸው፤ ከኮሪያ በመጣ የውድድር ፎርማት የተመረጡ ስለሆኑ አያያዛቸውም ወደ ኬፖፕ ያደላል።

ገንዘባችሁ የት ይሂድ?

ሩቅ ሆኖ የሚያዋጣው ቅደም ተከተል በእኔ ግምት ይሄ ነው፤ መጀመሪያ የኢንተርኔት ኮንሰርት ትኬት፣ ቀጥሎ ፎቶ፣ መጨረሻ ላይ ዲስክ። ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ነው የሚሄደው።

ዲስክ ስትገዙ ቀጠና አለ፤ ለአንዱ ቀጠና የተሠራ ዲስክ በሌላው ቀጠና ማጫወቻ ላይከፈት ይችላል። ብሉሬይ ላይ ጃፓንና አሜሪካ አንድ ቀጠና ናቸው፣ ስለዚህ ዋሽንግተንና ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ማጫወቻችሁ ያለችግር ይከፍተዋል። አፍሪካ፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ ሌላ ቀጠና ነው፤ አዲስ አበባ፣ ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ያላችሁ ዲስኩ የተቆለፈ ከሆነ ሽፋኑን ነው የምታዩት። ዲቪዲ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ ከጃፓን ጋር አንድ ናቸው፣ አሜሪካና አብዛኛው አፍሪካ አይደሉም። በላዩ ላይ የፖስታ ሒሳብና ጉምሩክ አለ። የፎቶ መጽሐፍማ ክብደቱ ራሱ ዋጋ ነው። የአባላት ነጠላ ፎቶዎች ግን ቀላል ናቸው፣ ፖስታ ውስጥ ይገባሉ፣ ጃፓን ሄዶ የሚመለስ ሰው ካላችሁም ሻንጣው ውስጥ ቦታ አይሻሙም። ወደ ውጭ የማይልክ ሱቅ ሲያጋጥም እንደ ባዪና ዜንማርኬት ያሉ ገዝተው የሚልኩ አሉ፤ ኮሚሽናቸውን ደምሩ እንጂ የሱቁን ዋጋ ብቻ አይታችሁ አትደሰቱ።

የኢንተርኔት ኮንሰርት ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ሰው ዕድለኛ ነው። ጃፓን ከእኛ 6 ሰዓት ትቀድማለች፤ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ሲታይ ደግሞ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ይሆናል። ፖስተሩ 18፡30 ካለ 12 ቀንሱ፣ ከቀኑ 6፡30 ነው፣ ምሳ ሰዓት። 13፡00 የሚጀምረው ጠዋት 1፡00 ነው። ጃፓኖቹ የሌሊት ፕሮግራምን 25፡05 ብለው ሲጽፉ (እኩለ ሌሊትን አልፈውም መቁጠር አያቆሙም) 24 ቀንሱ፤ እሁድ ምሽት 1፡05፣ እራት ላይ። ዱባይ ያላችሁ በአንድ ሰዓት ብቻ ትለያላችሁ። ዋሽንግተን ግን ያው የ18፡30 ኮንሰርት በሰመር ከሌሊቱ 11፡30 ላይ ነው የሚውለው፣ በክረምታቸው 10፡30፤ ስለዚህ እናንተ ትኬት ስትገዙ ለስንት ቀን ደግሞ ማየት እንደሚቻል የተጻፈውን መጀመሪያ አንብቡ።

ለመሄድ ካሰባችሁ

ትልልቆቹ ኮንሰርቶች ላይ ትኬት ሱቅ ሄደው የሚገዙት ነገር አይደለም። ማመልከቻ ታስገባላችሁ፣ ዕጣ ይወጣል፣ ከደረሳችሁ ትከፍላላችሁ። የደጋፊ ክለብ አባል ቅድሚያ አለው፤ ክለቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጃፓን አድራሻ ይፈልጋል፣ የስልክ ትኬቱም የጃፓን ቁጥር። ከሌላ ሰው በውድ ልግዛ እንዳትሉ፤ ከሰኔ 2019 ጀምሮ አትርፎ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው፣ በር ላይም ስምና መታወቂያ ሊታይ ይችላል፣ በሌላ ሰው ስም ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደጅ ትቀራላችሁ። ጃፓን የሚኖር ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለ አብሯችሁ በራሱ ስም ያመልክት፣ አብራችሁ ግቡ። ከሌለ ሄሎ! ፕሮጀክት በትንንሽ አዳራሾች የሚያደርገውን ቱር ተመልከቱ፣ በተለይ ከቶኪዮ ራቅ ያሉትን ከተሞች፤ ከትልልቅ ስታዲየሞች ይልቅ እዚያ ዕድል ይሻላል። የምድር ቤት ግሩፖች ደግሞ በአብዛኛው በዕለቱ በር ላይ ይሸጣሉ።

የደጋፊ ክለብ ክፍያ ዓመታዊ ነው። የበረራ ቀናችሁ ሳይቆረጥ አትክፈሉ፤ ቪዛው ዘግይቶ ዓመቱ ቢያልቅ የሚመልስላችሁ የለም።